የሰኔ 9 ፖስተርና የጓዳዋ ልጅ

ሰኔ 9፣ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲቃረብ የሚለጠፈውን ፖስተር ሳታዩትም ትገምቱታላችሁ። አንድ ልጅ አለ፤ ፊቱ አቧራ የለበሰ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ፣ ካሜራው ከላይ ቁልቁል ያነሳው። ከጀርባው ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ከሥሩ «ሕፃናትን እንታደግ» ይላል፤ ከዚያ በታች የአራት አምስት ድርጅት አርማ ተደርድሯል። ከምንድን ነው የምንታደገው? ከማን? ልጁስ የማን ልጅ ነው? ፖስተሩ ይህን አይነግራችሁም። የሚገርመኝ ዕለቱ ራሱ ከአንድ ፎቶ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ሶዌቶ ውስጥ ሳም ንዚማ ያነሳው፣ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን በፖሊስ ጥይት ተመትቶ አንድ ወጣት በክንዱ ታቅፎት ሲሮጥ የሚታይበት ፎቶ። እዚያ ፎቶ ላይ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው የተድበሰበሰ ነገር አልነበረም።

እንጀራዬ ሥዕልና ግራፊክስ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሥራ ወደ እኔም ይመጣል። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ፖስተር አዘዘኝ። ንድፉን ይዤ ስሄድ ኃላፊው አገላብጦ አየውና «ልጅቷ በጣም ደህና መሰለች፤ ትንሽ አሳዝናት እንጂ» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ለጋሽ ምን ሲያይ ኪሱን እንደሚፈታ ከእኔ በላይ ያውቃል። አልተግባባንም፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጥያቄው ግን የምር ጥያቄ ነው። የልጅን መከራ የሚያሳይ ሥዕል ለልጁ የሚጠቅመው ሲያሳዝን ነው?

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የምሄደው ወደ ሉዊስ ሃይን ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ ካሜራ ያነሳውም ለማስተማሪያ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለማስቆም የተቋቋመ ብሔራዊ ኮሚቴ ቀጠረውና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እስከ ድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ ከመስታወት ማቅለጫ እስከ ጋዜጣ አዟሪ ድረስ አገሩን አካለለ። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ቆጠራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉ ሠራተኛ ልጆችን ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ያደርጋቸዋል። ባለፋብሪካዎቹ በር እንደማይከፍቱለት ስለሚያውቅ አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ ሌላ ቀን ፖስት ካርድ ነጋዴ፣ ሌላ ቀን የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ እየሆነ ይገባል። ልጆቹን ቀስ ብሎ ያናግራል። ዕድሜያቸውን ስንት ብለው እንዲዋሹ እንደተነገራቸው ስለሚጠረጥር ቁመታቸውን በሰደርያው ቁልፎች ይለካል፤ ሦስተኛው ቁልፍ ጋ የደረሰ ልጅ ስንት ኢንች እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተም ማስታወሻውን ይጽፋል።

ከፎቶዎቹ አንዱን ልንገራችሁ። ሳውዝ ካሮላይና፣ ላንካስተር የሚባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር 1908። ረጅም የፈትል ማሽን የፎቶውን አንድ ጎን ሞልቶ እስከ አዳራሹ መጨረሻ ይዘልቃል። ትንሽዬ ልጅ አጠገቡ ቆማ ክሩን እያየች ነው። አታለቅስም፤ ካሜራውንም አትለምንም። ሥራ ላይ ናት። ሃይን ከፎቶው ጋር ስሟን፣ የፋብሪካውን ስም፣ ቁመቷ 48 ኢንች መሆኑን (አንድ ሜትር ከሃያ ቢሆን ነው) እና ግማሽ ዓመት መሥራቷን ጽፏል። በቃ። «ምስኪን» አላለም፤ «እንታደጋት» አላለም።

እንደ ባለሙያ ሳየው ጉልበቱ ያለው ማሽኑ ላይ ነው። ማሽኑ አልደበዘዘም። የዛሬው ፖስተር ሠሪ ቢያገኘው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ማሽን አደብዝዞ የልጅቷን ፊት ማቅረብ ነው። ያኔ የቀረው ማዘን ብቻ ይሆናል። ማሽኑ እንዳለ ሲታይ ግን ሰው «ይሄ የማን ፋብሪካ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የለበስኩት ሸሚዝ ክር በዚህች ልጅ ጣት አልፎ ይሆን? ይላል። ኮሚቴው ፎቶዎቹን ይዞ ፖስተር ሠራ፤ አንዱ ላይ ሕፃናት ጥሬ ዕቃ ሆነው ወደ ፋብሪካ ይገባሉ፣ ተጎሳቁለውና ተጥለው እንደ ምርት ይወጣሉ። ጭካኔ ያለበት ቀልድ ነው። ግን ጣቱ ወዴት እንደተቀሰረ ማንም አይሳሳትም።

ፎቶ ሕግ አወጣ የሚለውን ተረት ግን አልወደውም። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ መንግሥት የሕፃናት ቢሮ አቋቋመ፤ በ1916 ኮንግረስ የሕፃናት ጉልበት ሕግ አወጣ፤ በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው። ሥር የያዘ ሕግ የመጣው በ1938 ነው፤ ያኔም ቢሆን አዋቂው ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት ዘመን ልጅ መቅጠር ነውር ስለመሰለ ጭምር ነው። ሃይን ሥራውን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ጠበቃ፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ደጅ የሚጠና ሰው ከፎቶው ጀርባ ነበር። ሃይን ራሱ በ1940 ቤቱን ለዕዳ አስረክቦ በድህነት ሞተ።

ልጆቹስ? እ.ኤ.አ. በ1910 ቬርሞንት ውስጥ ያነሳት አዲ ካርድ የምትባል፣ ባዶ እግሯን ማሽን ተደግፋ የቆመች የ12 ዓመት ልጅ አለች። ከፎቶዎቹ ሁሉ ምናልባት የሷን ያህል የታወቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣች። እሷ ግን ዘጠና አልፏት በ1993 ሞታለች፤ ፊቷ በዓለም ዙሪያ መታወቁን ሳታውቅ። እጅግ የተመሰገነው ሥራ እንኳ ከልጁ የወሰደውን ለልጁ ሳይመልስ ሊቀር ይችላል።

እኛ አገር ስለዚህ ጉዳይ የተለየ ጠባሳ አለብን። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ሞሐመድ አሚን የቀረጸውን፣ ማይክል በርክ የተረከውን የኮረም ዘገባ አሳየ። በማለዳ ብርድ ኩታ የተከናነበ ሕዝብ፣ የሕፃን ሬሳ፣ ዝምታ። ዘገባው በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተዘጋጀ፤ እህል መጣ፣ ነፍስ ተረፈ። በዚህ የሚያላግጥ ሰው አልወድም፤ የተረፈው ሰው ዛሬ አያት ሆኗል። ግን ምስሉ ላይ ምን ጎደለ? ጦርነቱ ጎደለ። መንግሥቱ ጎደለ። ሕፃናቱ ስም አልነበራቸውም፤ ረሃቡም ከሰማይ ዝናብ ስለቀረ ብቻ የመጣ መሰለ። ተጠያቂ የሌለበት መከራ ሆነ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተንም በለንደንም በስቶክሆልምም ያደጉ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ አገራቸውን ሲናገሩ ምን እንደሚባሉ ወላጆቻቸውን ጠይቁ። የአውሮፓ ተራድኦ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሚያሠራጩት ምስል የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት ነገሩ በዝቶ ነው።

«ታዲያ ተጠያቂውን ማሳየት ብቻ ይበቃል?» ለሚለኝ ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለኝ። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በ1966 እንግሊዝ አገር ታየ። ደርግ ፊልሙን ወስዶ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ጣቱ በደንብ ተቀስሯል፤ የጠቆመውም ሐሰት አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ይኸው መንግሥት የራሱን ረሃብ ከካሜራ ለመደበቅ ሲደክም አየን። ምስሉ ለልጆቹ ተብሎ እንዳልታየ ያወቅነው ያኔ ነው።

እስቲ ከፎቶ ወደ ሥዕል ልምጣ፤ የራሴ ሰፈር ነውና። ኬተ ኮልቪትዝ በርሊን ትኖር የነበረች ሠዓሊ ናት። ባሏ የሠራተኛ ሰፈር ሐኪም ስለነበር ሕመምተኞቹ በቤቷ በር ያልፋሉ። አንድ ልጇን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1923 የጀርመን ገንዘብ ወረቀት ብቻ ሆኖ በቀረበት ጊዜ ስለተራቡ የጀርመን ልጆች የድንጋይ ኅትመት ፖስተር ሠራች። ልጆች ባዶ ሳህን ወደ ላይ ዘርግተዋል፤ ዓይናቸውም ወደ ላይ ነው። አዋቂ ሰው ሥዕሉ ውስጥ የለም። ሳህኑ የተዘረጋለት አዋቂ ከፖስተሩ ፊት የቆመው አላፊ አግዳሚ ነው። ያሳዝናል እንዴ? በደንብ ያሳዝናል። ግን እንባህን ጠርገህ እንድትሄድ አይፈቅድልህም፤ አንተም የሥዕሉ አካል ሆነሃል። ሌላም ነገር አለው። ከነዚያ ልጆች አንዱም በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ «ፖስተሩ ላይ ያለኸው ለማኝ አንተ ነህ» አልተባለም። መስመር ፊትን መደበቅ ይችላል፤ እውነቱን ግን አይደብቅም። ካሜራ ይህን ያህል ልግስና የለውም።

ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። ዳቦና ለስላሳ ገዝቶ ለጎዳና ልጅ ሲሰጥ ራሱን የሚቀርጸውን ወጣት ታውቁታላችሁ። ሙዚቃው ከሥር ይጫወታል፤ ልጁ ሲያለቅስ ወደ ፊቱ ይቀርባል፤ ሼር አድርጉ ይባላል። ያ ልጅ ነገ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ሥራ ሲጠይቅ፣ ሲያጭ፣ ቪዲዮው እዚያው አለ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር በሕይወት ከመኖር ቀጥሎ ያስቀመጠው ስምን ነው። ስም የሰጠ ሕግ ያለበት አገር ልጅን ስም አልባ እንባ አድርገን እንበትናለን። የራሱን ልጅ ግን እንዲህ የሚያስነሳ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ጉዳዬ የምደርሰው። የአዲስ አበባን የሕፃናት ፖስተሮች ደርድራችሁ ብታዩ ሊስትሮው አለ፣ ሶፍትና ማስቲካ አዟሪው አለ፣ መብራት ላይ መኪና የሚወለውለው አለ። ሁሉም ደጅ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ብርሃን አላቸው፣ ፈቃጅ የላቸውም፣ ለካሜራ ይመቻሉ። ጓዳ ያለችው የለችም። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣችው፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ የምትነሳው፣ እኩያዋን ልጅ ቦርሳውን ተሸክማ ትምህርት ቤት የምታደርሰው። ቤተሰቡ ለልደት ተሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት፤ ፎቶው ላይ አለመኖሯም ትዝ የሚለው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ውስጥ ሥራን ግን ራሱን ለቻለ ደንብ ትቶታል። ሃይን መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ መስሎ ፋብሪካ ገባ። ወደ ሳሎናችን ማን መስሎ ነው የሚገባው? የገባውስ ሁሉ ቡና ተፈልቶለት የሚወጣ እንግዳ ነው። ባለሙያውም፣ ለጋሹም፣ ፖስተር ያዘዘው ኃላፊም፣ ሁላችንም ቤት አለን።

ፎቶ ይነሳ አልልም። ስሟና ፊቷ ቢወጣ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ደጅ የምትቀረው እሷ ናት። ይሣል እላለሁ። ሰሞኑን የምሠራው ንድፍ ላይ ሰው የለበትም። ኩሽና ነው፤ የታጠበና ያልታጠበ ሳህን፣ በአዋቂ ቁመት የተሠራ የዕቃ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያው ሥር በአፉ ተደፍቶ የተቀመጠ የለስላሳ ሣጥን። ሣጥኑ ላይ የቆመ ሰው ማጠቢያው ላይ ይደርሳል፤ ሳይቆም አይደርስም። ቁመቷን በሰደርያ ቁልፍ መለካት አላስፈለገኝም። ከበሩ ኋላ የተጠቀለለ ፍራሽ ይታያል፤ ጫፉ ላይ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር። ቀለሙን ቀለል አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ነው፣ በመስኮት ፀሐይ ይገባል፣ የሚያስለቅስ ነገር የለውም። አንዲት ጎረቤቴ አየችውና «ይሄ ሣጥን እኛም ቤት አለ» አለች፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

አደባባይ ላይ እንዲሰቀል አልፈልግም። አደባባይ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለዋል። የኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ፣ የ«ውሃ ይጠፋል» እና የጥበቃ ክፍያ ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት ጎን ቢሆን ይሻላል፤ ሰው ዘንቢል ይዞ ሲወጣ ሲገባ የሚያየው ቦታ። ስፖንሰር አልጠየቅኩም፤ ሃምሳ ኮፒ ለማተም ስፖንሰር አያስፈልግም። የሕፃናት ሕግ የሚያውቅ ሰው ከሥሩ የሚጻፈውን ሁለት መስመር ቢያርምልኝ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ያሉበት ቤት የሚደውልበት ትክክለኛ ቁጥር እንጂ መፈክር አልፈልግም። ብሎካችሁ ላይ የምትለጥፉልኝ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፤ መጀመሪያ ግን የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅዱ።