የጎደለው ሒሳብ

ጥሬ ገንዘብ እየቆጠረ የሚኖር ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጉድለትን ነው። እኔም በመካነ ሰላም ከአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ዓመታት ስቆጥር ኖሬያለሁ። ማታ ማታ ግጥም እጫጭራለሁ። ሠላሳ አራተኛ ዓመቴን ስይዝ ደግሞ ወንበር ያጎበጠውን ጀርባዬን ላቃና ብዬ ሩጫ ጀመርሁ። ውሎ ሲያድር ግማሽ ማራቶን የመሮጥ ምኞት አደረብኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ወደ ደንቆሮ ጫካ በሚወስደው መንገድ እሮጣለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠው የቦረና ደጋ በጥር ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ብርድ ስለ ውኃ ማን ያስባል? ላብ ገና ከቆዳ ብቅ ሲል ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ደረቁ አየርም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከሰውነት እርጥበት ይዞ ይወጣል። ሯጩ ግን ልብሱ ስላልራሰ ምንም ያልወጣው ይመስለዋል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይባላል፤ እኔን እያሳሳቀ የወሰደኝ ግን የውኃ እጦት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ማለዳ 18 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ ጠብታ ውኃ ሳልቀምስ፣ አንድ ስኒ ቡና ብቻ ጠጥቼ ሥራ ገባሁ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ረፋዱ ላይ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ አፌ ደረቀ፤ የቆጠርሁት ቁጥር እየጠፋብኝ እንደገና እጀምራለሁ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ 2,000 ብር ጎደለ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ያው ነው። ከኪሴ ከፈልሁ። ለማን አትርፌ እንደ ሰጠሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳመመኝ ግን የአለቃዬ ዐይን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርጣሬ አየኝ።

በሳምንቱ ግቢ ከምንጋራው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከሩጫ በፊት 62 ኪሎ፤ ያንኑ መንገድ ሮጬ ስመለስ 60 ኪሎ ተኩል። በሩጫ የሚቀንስ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ማለት ነው። እንግዲህ ያን ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር የዋልሁት አንድ ሊትር ተኩል ጎድሎኝ ኖሯል። በደንቆሮ መንገድ ያን ያህል ተመላልሼ፣ የገዛ ሰውነቱን ጩኸት የማይሰማው ደንቆሮ እኔ መሆኔን አላወቅሁም ነበር።

ዕዳውን በአንድ ጊዜ ልክፈል ብል ደግሞ ባሰብኝ። በላይ በላዩ ጠጥቼ ስወጣ ውኃው ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫረቀ አቅለሸለሸኝ፤ ከግማሽ መንገድ ተመለስሁ። እናቴ አይታኝ፣ «ልጄ፣ ውኃ ብቻውን መች ይይዛል? በሶ በጥብጥበትና ጨው ጣል አድርግበት እንጂ» አለችኝ።

ሳነብ ሳይንሱን ከእናቴ ወገን አገኘሁት። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው በደማቸው ያለው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያትም አብዝቶ መጠጣት ነበር። በአንጻሩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2009 እ.ኤ.አ. የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከክብደቱ ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ቀንሶ ነበር። የእርሱ ልክ የእኔ ልክ አይደለም፤ እርሱ ሮጦ ባንክ መስኮት ላይ አይቀመጥም።

አሁን ስነሣ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ረጅም መንገድ ስወጣ ኮዳዬን ይዤ ሲጠማኝ ጥቂት ጥቂት እጎነጫለሁ፤ ስመለስ በሚዛኑ ላይ ወጥቼ የጎደለኝን በጨው በተበጠበጠ በሶ ቀስ እያልሁ እተካለሁ። ሽንቴ ከጠቆረ ሒሳቡ እንዳልተዘጋ አውቃለሁ።

2,000 ብሩ አልተመለሰም። የአለቃዬ ዐይን ግን ከወራት በኋላ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ገንዘቡ በጎደለበት ማታ በገቢ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አንድ ስንኝ ጀምሬ መጨረስ አቅቶኝ ነበር፤ የጨረስሁት ከሚዛኑ ላይ በወረድሁ ዕለት ነው፦

ሳጥኔ ጎደለ ብዬ ስቆጥር ስደምር፣
ለካስ የጎደለው እኔው ራሴ ነበር።