ለአንዲት ኤሊ ስንት ጀሪካን ውሃ?

ልጆች እንስሳ ይወዳሉ። ይህ አላህ በውስጣቸው ያኖረው ርኅራኄ ነው። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ይጫወትባት የነበረች ትንሽ ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፏ እየጠየቁ እንዳጫወቱት በሐዲስ ተዘግቧል። በሌላ በኩል ድመት ዘግታ ሳታበላትና ሳታጠጣት፣ ራሷም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ቅጣት ተነግሮናል። እንግዲህ እንስሳን በቤት ማኖር ቢፈቀድም፣ የዘጋንበትን በር ያህል ኃላፊነትም አብሮ ይመጣል ማለት ነው።

ይህን እንድናነሳ ያደረገን የልጆቻችን አጎት ከአዲስ አበባ ሲመጣ በትንሽ ሳፋ ይዟት የመጣት የውሃ ኤሊ ናት። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። ቅርፊቷ ሲለካ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የሸጠለት ሰው «ከዚህ አታድግም» ብሎታል። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ሴት ኤሊ ቅርፊቷ እስከ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በደህና ከተያዘችም ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ዛሬ የሚያጫውታት ልጅ አግብቶ ወልዶም እሷ ልትኖር ትችላለች።

ስለዚህ ገንዳው የሚመረጠው ዛሬ ባላት መጠን ሳይሆን ነገ በምትደርስበት መጠን ነው። አርቢዎች የሚከተሉት ልክ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ቅርፊት 15 ሊትር ያህል ውሃ ነው። ለኛይቱ ኤሊ 180 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ጀሪካን ይሆናል። 25 ሴንቲ ሜትር ስትደርስ 375 ሊትር፣ ወደ 19 ጀሪካን ያስፈልጋታል። በቁመቱ የተሰነጠቀ በርሜል ቢሞላ እንኳ ከ100 ሊትር አያልፍም፤ ሳፋማ ከነአካቴው አይታሰብም። አናቱ የተቆረጠ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ገንዳው በጠንካራ መሬት ላይ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

የልጆቹ አያት ይህን ስሌት ሲሰሙ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለኤሊ?» አሉ። በደባርቅና በዳባት በበጋ ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ያለው በማጣሪያው ላይ ነው። ማጣሪያ የሌለው ገንዳ በየጥቂት ቀኑ መደፋት አለበት፤ ጥሩ ማጣሪያ ያለው ግን በሳምንት ሩቡ ቢቀየር ይበቃዋል። ለኛይቱ 45 ሊትር መሆኑ ነው። እሱንም በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ከሚጠራቀመው ማግኘት ይቻላል። የሚወጣው ውሃ ለተክል ማዳበሪያ ነውና የጓሮ ድንች ሥር ይፈሳል እንጂ አይባክንም። በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ ግን አይፈስም።

ኤሊ የምትጸዳዳው እዚያው በምትዋኝበት ውሃ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣው አሞኒያ ዓይኗንና ቆዳዋን ይጎዳል። በማጣሪያው ስፖንጅና ጠጠር ላይ የሚራቡ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። ስፖንጁ በክሎሪን ውሃ ከታጠበ እነሱም ያልቃሉ፤ ስለዚህ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ይለቅለቅ። የቧንቧ ውሃም ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ከገንዳው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራውን ይምረጥ፤ ኤሊ ከዓሣ ይበልጥ ታቆሽሻለችና። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥሩ የተበሳሳ፣ ጠጠርና ስፖንጅ የተሞላ ባልዲ ከገንዳው በላይ ሰቅሎ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ በእሱ ላይ ማፍሰስ ይቻላል። ምግቧን በሌላ ሳፋ መስጠትም ቆሻሻውን ይቀንሳል።

የደጋው ብርድ ሌላው ፈተና ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ይህች ኤሊ ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ትሻለች፤ ከበረዳት መብላት ታቆማለች፤ ሳንባዋም ይታመማል። የውሃ ማሞቂያና ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ድንጋይ ያስፈልጋታል። ቅርፊቷ እንዲጠነክር በመስኮት መስተዋት ያልተጋረደ ፀሐይ ታግኝ፤ አጠገቧም ጥላ ይኑር።

እናቶች ይህንን ልብ በሉ! ኤሊ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለ የተቅማጥ ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ያገደችው በዚህ የተነሳ ነው። ከነካኳት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃዋ ወጥ ቤት አይግባ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም አይንኳት።

«ሲከብደን ወንዝ እንለቃታለን» የሚል ሐሳብም ትክክል አይደለም። ይህ ዝርያ ለዓለም አደገኛ ከተባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ነው። ከስሜን ተራሮች ወደ ተከዜ በሚወርዱ ጅረቶች የእርሷ ቦታ የለም። የአገራችንን የኩሬ ኤሊም ያለ ፈቃድ ከዱር መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው።

ቤተሰባችን ተመካክሮ ኤሊዋን ለማኖር ወሰነ። ሮቶው ተገዝቷል፤ ውሃ የማመላለሱ ተራም ለልጆቹ ተከፋፍሏል። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል፤ ሌላ አይጨመርም። ጀሪካኑን መሸከም የማይችል ቤት ገና ከመነሻው «አይሆንም» ቢል ለልጁም ለእንስሳዋም ርኅራኄ ነው። «እሺ» ያለ ደግሞ ውሃዋ የእርሱ አማና ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!