ለመጀመሪያው ዘፋኝ ጆሮ ስጡ

እኛ መድረክ የምናሟሙቅ ዘፋኞች የምንዘፍነው ዋናው ድምፃዊ ሳይመጣ ነው፤ ሰው ገና ወንበር ሲፈልግ፣ አስተናጋጅ ትእዛዝ ሲቀበል። ሞጆም ቢሾፍቱም አዳማም ሠርቻለሁ። እንደ ዱከም ያስተማረኝ ግን የለም።

ዱከም የመንገደኛ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ በኋላም ጥሬ ሥጋ ያማረው ሰው በአሮጌው መንገድ ይመጣል። የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ የኢንዱስትሪ ዞኑ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ የወረደው ቤተሰብ አንድ ቤት ይገናኛሉ። አንዱ ትዝታ ይላል፣ ሌላው ኦሮምኛ። ሁሉንም ካልቻልክ ሰሚ አታገኝም። እኔ የማየው ጠረጴዛውን ነው፦ ሥጋ የሚቆርጠው ሰው ቢላዋውን ይዞ ቀና ካለ፣ ዘፈኑ ደርሶታል። ከጭብጨባም ከሽልማትም በላይ ያ ያበረታኛል።

አንጋፋው ድምፃዊ ማህሙድ አህመድም ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት በአሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ልዩ ልዩ ሥራ ሲሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሲቀር፣ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። ዕድሉን ያገኘው ተዘጋጅቶ ስለጠበቀ፣ ባንዱም ሰምቶ ቦታ ስለሰጠው ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዱከም ጎራ ስትሉ ቀደም ብላችሁ ግቡ። የማታውቁት ልጅ ማይክ ሲይዝ አንድ ዘፈን እስከመጨረሻው ስሙት፤ ከወደዳችሁት ስሙን ጠይቁት። ነገ ትልቅ የምንለው ድምፃዊ የሚያድገው እንዲህ ነው።