ሶፍ ዑመር ዋሻ የገባን ጊዜ

ሰሞኑን ለማታ ክፍላችን የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ጁባ፣ ማላኪያ ገበያ ወርጄ ነበር። እዚያው ቆሜ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

በ1994 ዓ.ም. የመምህራን ማሰልጠኛ ተማሪ ሳለሁ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ባሌ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ ለሽርሽር ሄድን። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሰው እጅ አልሠራውም፤ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟ ቦርቡሮት ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር እዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ነበር ይባላል፤ ስሙም ከሳቸው መጣ። ውስጡ ዓምድ በዓምድ ነው፣ ቤተ መንግሥት ያስንቃል።

የያዝነው አንዲት ባትሪ ብቻ ነበር፤ መሀል ላይ ድርግም አለች! አንዱ ጓደኛችን ደንግጦ ሊሮጥ ሲል፣ የመሩን የአገሩ ሽማግሌ "ልጆቼ፣ ቁሙ! እጅ ለእጅ ተያያዙና የውሃውን ድምፅ ስሙ" አሉን። በዳበሳ፣ ቀስ እያልን ወጣን።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንም ሶፍ ዑመርን አላዩም፤ አገራቸውን የሚያውቁት ከእኛ አፍ ነው። እናንት ወላጆች፣ ያያችሁትን ማታ ማታ ንገሯቸው። እንዳይጠፉ እጃቸውን የምንይዘው እንዲህ ነው።