ቢጫ ማልያ፣ ቀይ ካልሲ

ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ (የሰፈር ሱቅ) የሚሠራ ያገራችን ልጅ በብረት ፍርግርግ በኩል ስለሚሸጥ፣ ከደንበኛው ፊት በፊት የሚያየው ደረቱን ነው፤ የእግር ኳሱ ቡድን ካይዘር ቺፍስ በሚጫወትበት ቀን ደግሞ ያ ደረት ቢጫ ነው። «ማይ ፍሬንድ» ይልና ዳቦና ኤርታይም ይገዛል፣ መልሱን ሳይቆጥር ኪሱ ይከታል። ቡድኑ የተሸነፈ ዕለት ግን ለአንድ ፍሬ ሲጋራ እንኳ ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ በሌላ እጁም ማልያው ላይ ያለውን ዓርማ፣ ሳይታወቀው ይመስለኛል፣ ሸፈን ያደርጋል።

ዓርማው ላይ ያለው ሰውዬ ላባ የደፋ የአሜሪካ ቀይ ሕንድ አለቃ ነው። ከጆሀንስበርግ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ምን ይሠራል? ያመጣው ካይዘር ሞታውንግ ነው። የሶዌቶው ልጅ በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ) አትላንታ ቺፍስ ለሚባል የአሜሪካ ቡድን ጎል ሲያገባ ከረመና፣ በ1970 አገሩ ላይ የራሱን ቡድን ሲያቋቁም ስሙንም ዓርማውንም ወሰደ። አትላንታ ቺፍስ ደግሞ የቤዝቦል ክለብ ልጅ ነበር፤ የአትላንታ ብሬቭስ። ብሬቭስ ከሚልዋኪ መጣ፣ ሚልዋኪም ከቦስተን ገባ፤ ቦስተን ላይ በ1871 ሲጀመር ቡድኑን የመራው ሃሪ ራይት የሚባል በእንግሊዝ የተወለደ ሰው ነው። እሱም ቀይ ካልሲውንና ጥቂት ተጫዋቾቹን ሸክፎ የመጣው ከሲንሲናቲ ነበር።

እዚህ ላይ ቡናችን ሁለተኛ ይቅረብ፤ ነገሩ የሚጥመው ከዚህ ወዲያ ነው። የ1869ኙ ሲንሲናቲ ተጫዋቾቹን ሁሉ በግልጽ ደመወዝ የቀጠረ የመጀመሪያው የቤዝቦል ቡድን ነው። ሱሪያቸው ጉልበት ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በታች ቀይ ካልሲ። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣውን ኳስ በባዶ እጅ ነው የሚቀልቡት። ዓመቱን አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ፣ በዚያው ዓመት በተገጠመው የባቡር ሐዲድ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ ሄደው ተጫውተው ተመለሱ። በ1870 ሰኔ ላይ ብሩክሊን 8 ለ 7 እስኪረታቸው ድረስ የቀመሳቸው አልነበረም።

ከእነሱ በፊትስ ሰው በነጻ ይጫወት ነበር? የት ተደርጎ! ጨዋታ ደመወዝ ከበላ ሥራ ይሆናል፣ ሥራ ከሆነ ደግሞ የጨዋ ልጅ አይጫወተውም ተብሎ ስለሚታፈር፣ ገንዘቡ በጓሮ በር ይገባ ነበር። ተጫዋቹ የሆነ ቦታ ጸሐፊ ተብሎ ይመዘገባል፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ይገኛል። እኛም ብንሆን ኮተን፣ መብራት ኃይል፣ መድን እያልን በመሥሪያ ቤት ስም ስንደግፍ የኖርን ነን፤ የግራ ክንፉ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

የሃሪ ታናሽ ወንድም ጆርጅ ራይት ሲንሲናቲ ከመግባቱ በፊት በ1867 ዋሽንግተን ውስጥ ሲጫወት ጸሐፊ ነኝ ብሎ የቢሮውን አድራሻ አስመዘገበ፤ ፔንሲልቫኒያ ጎዳና፣ ቁጥር 238። ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ነበር። ሲንሲናቲ በግልጽ ሲቀጥረው 1,400 ዶላር ቆረጠለት፤ አለቃውና ታላቅ ወንድሙ ሃሪ 1,200 ነበር የሚያገኘው። እኛ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ያስጠራ ነበር፤ ለእኔ ግን መናፈሻ ውስጥ ለከረመ ጸሐፊ የ200 ዶላር ብልጫ አይበዛበትም።