የሚጎተተው ሲገፋ

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የባለቤቴ ወንድም ነው። ሰላምታ የለም። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አለ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፤ ሰው በጣም ሲደነግጥ የሚያወጣው ዓይነት ቀስታ።

ከግራንድ ጃንክሽን ወደ ዴንቨር በአይ-70 እየመጣ ነበር። ፒካፑ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አስከትሏል፣ ተሳቢው ላይ ከጨረታ የገዛት ሴዳን ተጭናለች። የመጨረሻውን ቁልቁለት ሲወርድ ፔዳሉን ቢረግጥ መኪናው እንደ ወትሮው አልያዝ አለው። የተቃጠለ ሸተተው። ተሳቢው ከኋላ ይገፋው ጀመር። ማርሽ ቀንሶ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ፣ እንደምንም ከታች ቆመ። ከኋላ ወንበር ላይ የ9 ዓመት ልጁ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር። ልጁ እስከ ዛሬ የሆነውን አያውቅም።

ያንን የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ከሦስት ሳምንት በፊት የገጠምኩለት እኔ ነኝ።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ከናንተ መሃል ተሳቢ የሚጎትት ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። መኪና የሚያመላልስ አለ፣ የምግብ ተሳቢ ያለው አለ፣ ዕቃ ጭኖ ስቴት የሚያቋርጥ አለ። አብዛኛው እንደ እኛ ነው፤ ያገለገለ ፒካፕ፣ ያገለገለ ተሳቢ፣ የሚገጥመውም «ሙያ አለው» የተባለ ዘመድ። እኔ ያ ዘመድ ነበርኩ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ፍሬን ሸራ ስቀይር ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሰው አልጠየቅኩም፣ መመሪያውንም አላነበብኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። አገር ቤት ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ተሳቢውን የሚያቆመው በአየር ነው። እዚህ በፒካፕ የሚጎተተው ተሳቢ ግን በአብዛኛው የኮረንቲ ፍሬን ነው ያለው። በእያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ አንድ ማግኔት አለ። ኮረንቲ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቃል፣ ታምቡሩ ይጎትተዋል፣ እሱ ደግሞ ክንዱን ስቦ ሸራውን ይከፍታል። ኮረንቲው ሲበዛ ፍሬኑ ይጠነክራል። ያንን ኮረንቲ መጥኖ የሚልከው ከመሪው ሥር የሚገጠመው ትንሽ ሳጥን ነው። እሱ ከሌለ ወይም በትክክል ካልሠራ ተሳቢው ፍሬን የለውም ማለት ነው። ጭነቱን በሙሉ የሚያቆመው የፒካፑ ፍሬን ብቻ ይሆናል።

ኮሎራዶን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ክብደቱ 3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ ገደማ) የሚያልፍ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የኛ ተሳቢ ባዶውን 2,000 ፓውንድ ነው፤ መኪና ሲጫንበት ከ5,000 ያልፋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥፋቴ አንድ አይደለም።

አንደኛ፣ ስመርጥ ዋጋ አየሁ። ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ አለ። አንደኛው የፍሬን መብራት መብራቱን ብቻ ያውቃል፤ ፔዳሉን ስትነካ አስቀድመህ የሞላህለትን የኃይል መጠን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያለ ይልካል። ቀስ ብለህ ብትረግጥም፣ ልጅ መንገድ ገብቶብህ ባለ በሌለ ኃይልህ ብትረግጥም፣ ለሱ አንድ ነው። ሁለተኛው ውስጡ የፍጥነት ለውጥ የሚለካ መሣሪያ አለው። መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ይለካና ለተሳቢው በዚያው ልክ ይልካል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። እሱን ገዛሁ። «ለሱ ሥራ ያስኬዳል» አልኩ።

ሁለተኛ፣ የኃይል መጠኑን ያስተካከልኩት ተሳቢው ባዶ እያለ ነው። ሰፈር ውስጥ ሞከርነው። ባዶ ስለሆነ ጎማው እየተነቀነቀ ያዝ ያዝ አደረገ። እሱም «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነጥቀኛል፣ ትንሽ ቀንሰው» አለኝ። ቀነስኩት። እንደገና «ትንሽ» አለ። እንደገና ቀነስኩ። ከዚያ ለስላሳ ሆነ፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ለስላሳ የሆነው ተሳቢው ማቆም ስላቆመ እንደሆነ ያኔ አላሰብነውም። «መኪና ስትጭን መልሰህ ጨምረው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። ሳጥኑ ላይ ያለው መብራት ተሳቢው ሲሰካ በራ። መብራቱን አይቼ ሥራው አለቀ አልኩ። ተሳቢውን በክሪክ አንስቼ ጎማዎቹን አላሽከረከርኩም፣ ታምቡር አልከፈትኩም።

እሑድ ጠዋት ተሳቢውን ጎትተን ግቢ አስገባነውና ከፈትነው። ከአራቱ ጎማ የአንዱ ማግኔት ሽቦ ተቆርጧል። የሌላው ታምቡር ውስጥ ከኩሽኔታው ያመለጠ ግራሶ ሸራውን ሙሉ ለሙሉ አርሶታል። የቀሩት የሁለቱ ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ላልቷል። ነጩ ሽቦ፣ ማለትም ኔጋቲቩ፣ የዛገ ብሎን ላይ ነው የታሰረው። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ፍሬን አንድ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይወስዳል፤ አራት ማግኔት ሲሆን ወደ 12 መድረስ አለበት። እኛ ሙሉውን ኃይል ልከን ብንለካው 5 አካባቢ ነው ያየነው። መብራቱ ግን እንደ በራ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልረሳው ይህንን ነው፤ ሳጥኑ የሚያሳይህ የላከውን እንጂ የደረሰውን አይደለም።

ያን ጠዋት ታምቡሩን ከፍተን ቁጭ ብለን ሳለ፣ የባለቤቴ ወንድም ግራሶውን በጨርቅ እየጠረገ «ተሳቢው አሮጌ ስለሆነ ነው፣ አይደል ጋሼ?» አለኝ። በር ከፈተልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልወጣበት ነበር። ማንም አይጠይቀኝም። ባለቤቴ አትሰማም። «አዎ፣ የሸጠልህ ሰውዬ ነው ያታለለህ» ብል ሁላችንም እዚያ የሌለ አንድ ሰው ረግመን ቡና እንጠጣ ነበር።

ልጁ ግን በመስኮት እያየን ነበር። «አይደለም» አልኩት። «ተሳቢው አሮጌ ነው፤ አሮጌ መሆኑን ማየት የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የሰጠሁህ። ኃይሉንም የቀነስኩት እኔ ነኝ።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ጨርቁን አጣጠፈው። ከዚያ «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረኝም። ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ የሚጎትት ሰው ካለ ይጠቅመዋል።

ከተሳቢው ነው የጀመርነው። ግራሶ የነካውን ሸራና የተበላሹትን ማግኔቶች ቀየርን። ሸራዎቹን ጎማው ሲሽከረከር በትንሹ እስኪነኩ ድረስ አጠበቅን። ነጩን ሽቦ ከዝገቱ አውጥተን ንጹሕ ብረት ላይ አሰርን። ከዚያ የፍጥነት ለውጥ የሚለካውን ዓይነት መቆጣጠሪያ ገዛን። አራት ሽቦ ነው ያለው። ጥቁሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሰርኪዩት ብሬከር በኩል ይመጣል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት አክስል ባለ 20 አምፔር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ባለ 30 አምፔር ይደረጋል። ነጩ ኔጋቲቭ ነው። ቀዩ የፍሬን ፔዳሉ ላይ ካለው የመብራት ማብሪያ ይመጣል። ሰማያዊው ወደ ተሳቢው የሚሄደው የፍሬን መስመር ነው። ይህ መስመር ቀጭን ሽቦ አይወድም፤ ቀጭን ከሆነ ኮረንቲው መንገድ ላይ ይቀራል። ከኋላ ያለው መሰኪያም ባለ 7 መሆን አለበት፤ ባለ 4ቱ የሚያደርሰው መብራት ብቻ ነው። ፒካፑ ለመጎተት ተዘጋጅቶ ከፋብሪካ የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከክሩስኮቱ ሥር ዝግጁ ሶኬት ይኖረዋል፤ ለሞዴሉ የተሠራውን ገመድ ገዝቶ መሰካት ነው። እንደ እኔ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ሳጥኑን ከጉልበት ራቅ አድርገን፣ ፊቱን ወደ መኪናው የጉዞ አቅጣጫ አስተካክለን፣ ጠበቅ አድርገን አሰርነው። የሚለካው የመኪናውን እንቅስቃሴ ስለሆነ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይሳሳታል። የእጅ መግፊያው ሹፌሩ ሳያይ በእጁ የሚያገኘው ቦታ መሆን አለበት። ተሳቢው እንደ እባብ መጠማዘዝ ከጀመረ ፔዳሉን ትቶ በዚያ መግፊያ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ መያዝ ነው የሚያቃናው።

የኃይል መጠኑን ደግሞ መኪናዋን ጭነን አስተካከልነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 25 ማይል (40 ኪሎ ሜትር) እየሄድን፣ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ይዘን ፍሬኑን አሟሟቅን። ከዚያ በእጅ መግፊያው ብቻ እየያዝን፣ ጎማው ሊቆለፍ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እየጨመርን ሄድን። ከመቆለፉ በፊት ያለው ቦታ ትክክለኛው ነው። ይህ ቁጥር ለዚያ ጭነት ብቻ ነው። ስታራግፍ ትቀንሳለህ፤ ስትጭን ትጨምራለህ። ሁልጊዜ።

በመጨረሻ ከተሳቢው አንገት ላይ ያለችውን ቀጭን ገመድ ሞከርን። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ያቺ ገመድ ፒኑን ስባ ታወጣለች፣ ተሳቢው ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ፍሬኑን ይይዛል። መሰኪያውን ነቅለን ፒኑን ሳብነው። ምንም የለም። ባትሪው ሞቷል። እሱንም ቀየርነው።

ስለዚያ ቁልቁለት አንድ ነገር ልበል። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከሆነ ቦታ ተነስቶ ዴንቨር የሚገባ ሰው፣ ተራራው አለቀ ብሎ ሲያስብ አላለቀም። የከባድ መኪና ሹፌሮችን «አትታለሉ፣ ገና ብዙ ማይል ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ» የሚሉ ታፔላዎች የተተከሉት ለዚህ ነው። ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. አንድ ፍሬን የከዳው ከባድ መኪና በዚሁ ቁልቁለት ወርዶ ሌክዉድ ላይ የቆሙ መኪኖች ውስጥ ገባ። አራት ሰው ሞተ። ሹፌሩ መጀመሪያ 110 ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላ አገረ ገዢው ወደ 10 ዓመት አወረዱለት። ስለ ፍርዱ ብዙ ተከራክረናል። ያን ቅዳሜ ማታ እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ፍርዱ አልነበረም። እዚያ ቦታ መድረስ የነበረብን እኛ ልንሆን እንችል ነበር እያልኩ ነው ያደርኩት።

አገር ቤት የአባይ በረሃን የሚወርዱ ሹፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ረዳቱም ታኮውን ይዞ ዝግጁ ነው። እነዚያ ሰዎች ፍሬን እንደሚከዳ አምነው ነው የሚነሱት። እኛ እዚህ መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው አውቶማቲክ፣ ሳጥኑ መብራት ያለው ሲሆን ያ ፍርሃት ጠፋብን። ፍርሃቱ ግን ዕውቀት ነበር።

«ያስኬዳል» የምንለው ሰነፍ ስለሆንን አይመስለኝም። ገንዘብ አጥሮን፣ ጊዜ አጥሮን፣ ሁለት ሥራ እየሠራን፣ በሌለ ነገር ማስኬድ ስለለመድን ነው። ብዙዎቻችንን ያሳደገን ይኸው ችሎታ ነው። ግን ማስኬድና ማቆም የተለያዩ ናቸው። ማስኬድ ላይ መቆጠብ ይቻላል፤ ብታጣ መንገድ ላይ ትቀራለህ፣ ጓደኛ ትጠራለህ። ማቆም ላይ ስትቆጥብ ግን ሂሳቡን የሚከፍለው አንተ ብቻ አይደለህም። ፊት ለፊትህ የቆመው ሰውና ከኋላህ የተኛው ልጅም ይከፍሉታል።

ለሙያተኛ ወንድሞቼም አንድ ቃል። ዘመድ «ትንሽ ቀንሰው» ሲልህ ይሉኝታ አይያዝህ። «አይሆንም፣ ጭነህ እንሞክረው» በል። ካላወቅክም አላውቅም በል። እኔ አምስት ዓመት የሠራሁት ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሬን አንድም ቀን አላየሁም ነበር፤ ይህንን ለመናገር ያፈርኩት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው አደጋ ላይ ጣለ።

ባለፈው ወር እንደገና ሄደ፣ መኪና ሊያመጣ። ዋሻው ጋ ሲደርስ ቆሞ ጻፈልኝ፤ «ጋሼ፣ ጭኛለሁ። ኃይሉን ጨምሬያለሁ፣ ቆሜ ሞክሬዋለሁ፣ ታምቡሮቹንም በእጄ ዳስሻለሁ፣ አራቱም እኩል ሞቀዋል።» አራቱም እኩል ከሞቁ አራቱም ሠርተዋል ማለት ነው። ይህንን እኔ አላስተማርኩትም፤ ራሱ ነው የደረሰበት። እቤት እስኪገባ ድረስ ግን አልተኛሁም።

ተሳቢ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ወጥታችሁ ያቺን ፒን ሳቡ። ጎማው ካልያዘ ነገ አትጫኑ። ለሚጎትት ወዳጃችሁም ላኩለት።