ስለ አንድ የአንገት ሹራብ

ስለ ልብስ ዋጋ ሊመሰክር የሚገባው ሣጥኑ የሞላለት ሰው ሳይሆን አንድ ቀን የበረደው ሰው ነው። እኛም ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ጣርማ በር ላይ ቆመን ነው።

መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው፥ ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከይፋት ቆላ ላቡን እየጠረገ ይነሣል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲጨርስ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው በር ላይ ከጉም ጋር ይገናኛል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ያበጁት ዋሻ የሚገኘው በዚሁ ነው። ታች ማሽላና ማሾ፥ ላይ ገብስና በግ፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ ሳይሆን አየሩ የሁለት አገር አየር ይመስላል።

እኛ የቆላ ልጆች ነን። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በመንግሥት ሥራ በሒሳብ ክፍል ስንመደብ ወደ ደጋው ወጣን፤ እናታችን ግን ከጥጣቸውና ከእንዝርታቸው ጋር በሸዋ ሮቢት ቀሩ። በኅዳር ወር 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ፥ እንደ ብዙው ወገን ቤታቸውን ዘግተው ይህን ዳገት ወጡ። የተቀበልናቸው በምሽት በሩ ላይ ነው። የለበሱት የቆላ ቀሚስና አንዲት ነጠላ ብቻ ነበር፤ ነጠላዋንም በአንገታቸው ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመዋታል። ካፖርታችንን አውልቀን ብንደርብላቸው፥ «አንገቴን ነው ልጄ፤ ብርዱ የሚገባው በአንገቴ ነው» አሉን። አገር ሲረጋጋ እርሳቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ያች ቃል ግን ከእኛ ዘንድ ቀረች።

በኋላ ከገበያ አንድ የአንገት ልብስ ገዝተን ሰጠናቸው። ነገር ግን ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ስለ ነበረ ዳገቱ ላይ ላባቸውን ሳይመጥ ይቀርና ጉሙ ሲመጣ ያቀዘቅዛቸው ነበር። የበግ ጠጉር እንዲህ አይደለም። በጠጉሩ መካከል አየር አፍኖ ይይዛል፤ ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ቢጠጣም ለለበሰው ሰው እርጥብ ሆኖ አይሰማውም። የመንዝ ሰው በርኖስና ባና ለብሶ ከዚህ ብርድ ጋር ለብዙ ዘመን የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በጎረቤታችን ከበግ ጠጉር ቆብ እየሠሩ ለመንገደኛ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አሉ። የሹራብ ሥራ እንዲያስተምሩን ስንለምናቸው በመጀመሪያ ሣቁ፤ ቀጥለውም፥ «እትዬ እያልክ የመጣኸው ለዚህ ነው እንዴ፤ ያንተ እጅ ብዕር እንጂ መርፌ ይዞ ያውቃል?» አሉን። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችንም ይህን በሰሙ ጊዜ መሣቃቸው አልቀረም። እኛም እንዳፈርን አንክድም። ነገር ግን በአገራችን ሴት ፈታይ ስትሆን ሸማኔው ወንድ አይደለምን? አፄ ምኒልክስ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የተከለከለ መሆኑን በአዋጅ አስታውቀው የለምን? ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈው አዋጅ በኋላ ገና በእጅ ሥራ የሚያፍረው የተማረው ሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ጠጉሩ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጠበ፤ በፈላ ውሃ ከታጠበ ግን ተኮማትሮ ይጠነክራል። ከዚያም ተፍታትቶ ተፈተለ፤ ሁለቱም ክር ባንድ ተገመደ። በመርፌው ላይ 120 ዓይን አስገብተን ዙሪያውን መሥራት ጀመርን። አሮጊቷ ግን ጠርዙ ዳንቴል ካልሆነ ለእናት አይሰጥም አሉ። ዳንቴል የተባለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፥ መሠረቱ ጥርስ ማለት ነው። ዐሥር ጥርስ እንዲኖረው ዓይኖቹን በ12 በ12 ከፈልናቸው። ከ12ቱ የመጀመሪያዎቹን አራት ሁለት ሁለቱን ባንድ ማጣመር፤ በመካከለኞቹ አራት ፊት ክሩን በመርፌው ላይ እያዞሩ አራት አዲስ ዓይን መጨመር፤ የመጨረሻዎቹን አራት ደግሞ እንደ ፊተኞቹ ማጣመር ነው። አራት ተቀነሰ፤ አራት ተጨመረ፤ ድምሩ እንደ ገና 12 ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዙር ያለ ጌጥ ይሠራል። በስኮትላንድ ሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች ሴቶች በቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ስስ ሻርፕ በመሥራት የታወቁ ናቸው፤ የእነርሱም የዳንቴል ጥበብ የተመሠረተው በዚሁ ሒሳብ ላይ ነው።

እኛ የሒሳብ ሠራተኛ ስንሆን የተሳሳትነው በሒሳብ ነው። ከዐሥሩ ጥርስ በአንደኛው ላይ ቀዳዳውን ጨምረን መቀነሱን ረሳን። ዓይኖቹ 124 ሆኑ፤ ጠርዙም በአንድ ወገን እንደ ጆሮ ተንጠለጠለ። «ማንም አያየውም» ብንላቸው አሮጊቷ፥ «የሠራኸው አንተ አይተኸዋል» ብለው ክሩን ሳቡት፤ የአምስት ማታ ድካማችን በአንድ አፍታ ተተረተረ። በመሥሪያ ቤት የጎደለውን በቃለ ጉባኤ መሸፈን ይቻል ይሆናል፤ ክር ግን ቃለ ጉባኤ አይቀበልም። እንደ ገና ጀመርን።

እናታችን ለገና ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ሹራቡን ሰጠናቸው። ጌጡን አላዩም። ክሩን በሁለት ጣታቸው አሽተው፥ «ማነው የፈተለው? እዚህ ላይ ወፍሮበታል» አሉ። እኛ መሆናችንን በነገርናቸው ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም በአንገታቸው አጥልቀው በጉሙ ውስጥ እስከ መንገዱ ድረስ ብቻቸውን ሄደው ተመለሱ። የት እንደ ቆሙ አይተናል፤ ያን ምሽት የተቀበልናቸው ስፍራ ነበረ።

ወደ ቆላ ሲወርዱ ግን ሹራቡን አልወሰዱትም። «ለሸዋ ሮቢት ምን ያደርግልኛል? እዚህ ይቆየኝ፤ እንግዲህ የምወጣው ለጥየቃ ይሁን እንጂ ለሽሽት አይሁን» ብለው በገዛ እጃቸው በበራችን ምስማር ላይ ሰቀሉት። እስከ ዛሬ በዚያው ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ዐሥሩን ጥርሶች እንቈጥራለን፤ የሚጎድል የለም፤ የምንጠብቀው ባለቤቷን ብቻ ነው።